ወንጪ በአራቱ ክፍላተ ዘመን፤ ለነጋዴው የሚበጅ የጉብኝት አሳብ

የንግድ ሰው ከኪሳራ ቀጥሎ አጥብቆ የሚፈራው ሥራ የሌለበትን ወር ነው። ዕቃው በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አቧራ ሲለብስ የቤት ኪራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝና የባንክ ወለድ ግን ቀናቸውን ሳያሳልፉ ይደርሳሉ። በተለይም ጎብኚ በሚመላለስበት መንገድ ላይ ሱቅ፣ ምግብ ቤት ወይም ማደሪያ ያላቸው ሰዎች ዓመቱን በሁለት ከፍለው፣ ጥቂቱን ወር «የገበያ»፣ የቀረውን «የመጠበቂያ» ብለው መቍጠርን ልማድ አድርገውታል። ክረምት ሲገባ እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ዕቃ ለመግዛት ይሽቀዳደማሉ።

ይህ ልማድ እውነትን የተከተለ መሆን አለመሆኑን ለመመርመር ከኮልፌ ቀራንዮ የሚነሣው መንገድ ጥሩ ማስረጃ ይሰጣል። በዚህ ክፍለ ከተማ፣ በአየር ጤና በኩል የሚያልፈው የጅማ መንገድ በዓለም ገና፣ በሰበታና በቱሉ ቦሎ አድርጎ ወሊሶ ይደርሳል፤ ከወሊሶም ወደ ሰሜን ታጥፎ የወጣ መንገደኛ የወንጪን ተራራና በተራራው አናት ላይ ያለውን ሐይቅ ያገኛል። ኮልፌ ከምዕራቡ ደጋ ጋር ያለው የንግድ ዝምድና ዛሬ የተጀመረ አይደለም። አጠና ተራ የሚባለው ሰፈር በስሙ ብቻ እንደሚመሰክረው፣ ከደጋው የሚመጣው የባሕር ዛፍ እንጨት ስንት የአዲስ አበባን ቤት አቁሟል። እንጨቱ ከተራራው ወደ ከተማ ሲወርድ ኖሯል፤ አሁን የከተማው ሰው ራሱ ለዕረፍት ወደ ተራራው መውጣት ጀምሯል። ጥያቄው ነጋዴው አብሮት ይወጣል ወይስ ቁጭ ብሎ ያየዋል የሚለው ነው።

መንገዱና ተራራው

ወሊሶ ከአዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በፍል ውኃዋ የታወቀች ከተማ ናት። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ግዮን ትባል ነበር። በተራራው ሰሜናዊ ግርጌ የምትገኘው አምቦም በዚያው ዘመን ሀገረ ሕይወት ተብላ ትጠራ የነበረች ሲሆን፣ ፍል ውኃዋና ከእ.ኤ.አ. 1930 ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ የሚሸጠው የማዕድን ውኃዋ ስሟን በአገሪቱ ሁሉ አስጠርተውታል። ወደ አምቦ የሚሄደው መንገድ ከአዲስ አበባ የሚወጣው በሌላ በር፣ በቡራዩ በኩል ነው። ሁለቱ ከተሞች ተራራውን በመካከላቸው አድርገው እንደ ሁለት በረኞች ይጠብቁታል፤ ስለዚህ አንዱን መንገድ ሄዶ በሌላው መመለስ የሚሻ ጎብኚ ሁለቱንም ፍል ውኃ፣ ሐይቁንና ደጋውን በአንድ ጉዞ ያያል።

የወንጪ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ 3,386 ሜትር ከፍታ አለው። በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የነበረ ሲሆን፣ ከመካከሉ ሰምጦ በቀረው ጎድጓዳ ስፍራ ውስጥ ዛሬ ሐይቅ ተኝቶበታል። በሐይቁ ላይ ባለችው ደሴት የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በዙሪያው ፏፏቴዎች፣ ፍል ውኃና የማዕድን ውኃ ምንጮች አሉ። የአካባቢው ገበሬ እንሰት፣ ገብስና ድንች ያመርታል፤ ንብም ያነባል። ከብዙ ዓመታት ጀምሮ ነዋሪዎቹ በማኅበር ተደራጅተው ለእንግዳ ፈረስና ጀልባ በማቅረብ ገቢ ሲያገኙ ቆይተዋል።

ይህ ስፍራ በዓለም ዘንድ ስም ያወጣው በቅርብ ጊዜ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከ32 አገሮች 44 መንደሮችን መርጦ «ምርጥ የቱሪዝም መንደር» የሚል ማዕርግ ሲሰጥ ወንጪ አንዷ ነበረች። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ በተጀመረው «ገበታ ለሀገር» በተባለው ውጥን ወንጪ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር እንድትለማ ተመርጣ ነበር፤ በተራራው ላይ የተሠራው ዘመናዊ ማደሪያም በ2016 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ ጀምሯል። ሆኖም ግንባታና ማዕርግ እንግዳን አንድ ጊዜ ይጠሩ እንደ ሆነ እንጂ ዓመቱን በሙሉ አያቆዩትም። ያን የሚያደርገው በየወቅቱ የሚሰናዳው አቅርቦት፣ መስተንግዶና የዋጋ ታማኝነት ነው።

ከፍታው የሚያመጣው ልዩነት

አየር ወደ ላይ በወጣ ቍጥር እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ በአማካይ በአንድ ሺህ ሜትር ስድስት ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል። የወንጪ አፋፍ ከኮልፌ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል፣ በአየር ጤና ሸሚዝ ለብሶ የተነሣ ሰው በአፋፉ ላይ ጋቢ መሻቱ አይቀርም። ይህ ተራ ነገር መስሎ ይታይ እንጂ ለነጋዴ ትልቅ ትርጕም አለው። ከተማው ውስጥ የማይሸጥ ዕቃ እዚያ ይሸጣል፤ ከተማው ውስጥ በሐምሌ ብቻ የሚፈለግ ዕቃ እዚያ በኅዳርም ይፈለጋል።

ሙት ወቅት የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሰማይ ሳይሆን ከሰው አሳብ መሆኑን የሌላ አገር ታሪክም ያስረዳል። በስዊስ አገር የምትገኘው ሴንት ሞሪትዝ፣ በከፍታዋ ከአዲስ አበባ የምታንስ የተራራ ከተማ፣ በማዕድን ውኃዋ የታወቀች የበጋ መዝናኛ ብቻ ነበረች። በረዶ ሲጥል ሆቴሎቿ ይዘጉ ነበር። እንደሚተረከው እ.ኤ.አ. በ1864 ዮሐንስ ባድሩት የተባለ ባለ ሆቴል ለእንግሊዛውያን ደንበኞቹ፣ በክረምት ተመልሰው ቢመጡና ባይደሰቱ የጉዞ ወጪያቸውን ራሱ እንደሚከፍል ቃል ገባላቸው። እንግዶቹም መጥተው እስከ ፋሲካ ተቀመጡ። ያች ከተማ በኋላ በ1928 እና በ1948 የክረምት ኦሊምፒክ የተካሄደባት፣ በበረዶው ወራት የምትጨናነቅ ስፍራ ሆናለች። ባድሩት በረዶውን አላስቀረውም፤ ለበረዶው የሚስማማውን ደንበኛ ፈለገ እንጂ።

በኢትዮጵያ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የቱሪዝምን ሥራ ያቋቋሙት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አገሪቱን «የ13 ወር ጸጋ» ብለው ለዓለም አስተዋውቀዋት ነበር። ነጋዴው ከዚህ ቃል መያዝ ያለበት ጸጋው በየወሩ መኖሩን ብቻ ሳይሆን በየወሩ መልኩን የሚለውጥ መሆኑን ጭምር ነው። አባቶች በባሕረ ሐሳብ ዓመቱን መፀው፣ ሐጋይ፣ ጸደይና ክረምት ብለው በአራት ከፍለውታል። በዚህ አከፋፈል መሠረት የተራራውን ገበያ በየተራ መመልከት ይገባል።

መፀው፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25

ዝናቡ ካቆመ በኋላ አየሩ ይጠራል፤ ከተራራው አፋፍ ላይ ሆኖ ሩቅ ማየት የሚቻለውም በዚህ ጊዜ ነው። መስኩ ገና አረንጓዴ ነው፤ ፏፏቴዎቹ አልደረቁም፤ ፈረስ የሚሄድበት መንገድ ግን መድረቅ ጀምሯል። ከውጭ አገር የሚመጣው ጎብኚ ከሁሉ አብልጦ የሚመርጠው ይህን ወቅት ሲሆን፣ የሚሻውም ንጹሕ አልጋ፣ የሚያስረዳ መሪና በእጅ የተሠራ ማስታወሻ ነው። በአገራችን ዋነኛው የማር ቈረጣም በእነዚህ ወራት ስለሚሆን፣ የተራራው ማር በጥራትም በብዛትም የሚገኘው አሁን ነው።

በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። ቀን ፀሐይ ስለ ሆነ ብርዱን ያልጠበቀ እንግዳ ማታ ይቸገራል፤ ስለዚህ ብርድ ልብስ፣ ጋቢና የሱፍ ካልሲ ያዘጋጀ ሱቅ አይከስርም። ከዚህም በቀር ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ ጾመ ነቢያት ስለሚገባ፣ የአገር ቤት እንግዳ በብዛት የጾም ምግብ ይጠይቃል። በእነዚህ ሳምንታት ሥጋና ቅቤ አከማችቶ ሽሮ፣ ምስርና የምግብ ዘይት ያጓደለ ምግብ ቤት ጥፋቱ የራሱ ነው።

ሐጋይ፤ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25

ገና፣ ጥምቀትና ሠርግ የሚከታተሉበት ጊዜ ነው። ልደት ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11 ቀን ይውላሉ፤ ጥር 15 ቀን ደግሞ በደሴቲቱ ቤተ ክርስቲያን ስሙ የሚጠራው የሰማዕቱ የቂርቆስ በዓል ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ብዙዎቹ ለእነዚህ በዓላት ወደ አገራቸው ይመጣሉ፤ ለ2014 ዓ.ም. ገና አንድ ሚሊዮን ወገን ወደ አገሩ እንዲመጣ መንግሥት ጥሪ ማድረጉ ይታወሳል። ሙሽሮችም ከሠርግ በኋላ ጥቂት ቀን ከከተማ ርቀው ማረፍን ይወዳሉ።

በዚህ ስፍራ ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ስሌት አለ። ሠርግ ዐቢይ ጾም ሲገባ ይቆማል፤ ዐቢይ ጾም ግን በየዓመቱ ቀኑ አንድ አይደለም። ቢቀድም የካቲት 1 ቀን፣ ቢዘገይ መጋቢት 5 ቀን ይገባል። እንግዲህ የሠርጉ ገበያ ከአንዱ ዓመት በሌላው ዓመት እስከ አምስት ሳምንት ሊረዝም ወይም ሊያጥር ይችላል ማለት ነው። ባለፈው ዓመት የሸጠውን ያህል ዕቃ ዘንድሮም አስቦ የገዛ ነጋዴ የጾሙን መግቢያ ሳይመለከት ቀርቶ ገንዘቡ በመጋዘን ውስጥ ቢታሰር ገበያውን ሊወቅስ አይገባውም። አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበትን አቈጣጠር በየዓመቱ መስከረም ላይ ማየት ዋጋ የማይጠየቅበት ምክር ነው።

ጸደይ፤ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25

ፋሲካ ከመጋቢት 26 በፊት፣ ከሚያዝያ 30 በኋላ አይውልም። ስለዚህ የትንሣኤ ገበያ ሁልጊዜ በጸደይ ውስጥ ይወድቃል። ከፋሲካ ማግስት እስከ ጾመ ሐዋርያት ድረስ ሁለተኛው የሠርግ ጊዜ ይከፈታል፤ ምግብ ቤቱም ከጾም ወደ ፍስክ ይመለሳል። ወቅቱ የበልግ ዝናብ የሚጥልበት ስለ ሆነ ከሰዓት በኋላ ደመና ሊመጣ ይችላል፤ በመሆኑም የጀልባና የፈረስ ጉዞ በማለዳ ቢደረግ ይሻላል።

ከዚህ ሌላ በጸደይ መጨረሻ ላይ ብዙ ነጋዴዎች የማያስተውሉት ደንበኛ አለ፤ እርሱም መሥሪያ ቤት ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ቀን ስለሚዘጋ፣ በዚህ ሰሞን የሥራ ግምገማ፣ ሥልጠናና ስብሰባ ይበዛል፤ ብዙዎቹም ከከተማ ወጣ ብለው፣ ፍል ውኃና አዳራሽ ባለባቸው ከተሞች ይካሄዳሉ። እንዲህ ያለው እንግዳ የሚመጣው በሥራ ቀን ነው እንጂ በቅዳሜና በእሑድ አይደለም። በቡድን ያድራል፤ ደረሰኝ ይጠይቃል፤ ክፍያውም በባንክ በኩል ነው። ሕጋዊ ደረሰኝ የሌለው ማደሪያ ይህን ደንበኛ ከበሩ ላይ ይመልሰዋል። ለጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴም፣ ለማተሚያ ቤትም፣ ለታሸገ ውኃ አከፋፋይም ሥራ የሚገኝበት ወቅት ነው።

ክረምት፤ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25

እንግዲህ ሙት ነው ወደሚባለው ወቅት ተደርሷል። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ካለው ደጋ ከዓመቱ ዝናብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይጥላል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ከሁሉ ይብሳሉ። ጭጋግ ሐይቁን ይሸፍነዋል፤ መንገዱ ያዳልጣል፤ ፈረሱ ቆሞ ይውላል። በዚህ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው ትልቁ ማደሪያ አይደለም። ባለ ፈረሱና ባለ ጀልባው ናቸው። ትልቁ ድርጅት ወጪውን ቀንሶ ክረምቱን ሊያልፍ ይችላል፤ ፈረስ ግን እንግዳ ቢመጣም ባይመጣም መኖ ይበላል። ባለቤቱ የልጆቹን ደብተር የሚገዛውም መስከረም ከመጥባቱ በፊት፣ ገቢው ከደረቀ በኋላ ነው።

ነገር ግን የእንግዳው ቍጥር ሲመረመር ክረምት እንደሚታሰበው ባዶ አይደለም። በመጀመሪያ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉት በዚሁ ጊዜ ነው፤ ወላጅ ከልጆቹ ጋር ጉዞ ለመሄድ ከዚህ የተሻለ ወራት የለውም። ሁለተኛም በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖች የዕረፍት ጊዜያቸው ሐምሌና ነሐሴ ስለ ሆነ፣ ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡት የአገሩ ዝናብ በሚበረታበት ወቅት ነው። እንግዲህ በአንድ በኩል ገንዘብና ጊዜ ያለው እንግዳ አገር ውስጥ አለ፤ በሌላ በኩል የሚቀበለው ሰው ሱቁን ዘግቶ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃል። ወቅቱን ባዶ ያስመሰለው ይህ አለመገናኘት ነው።

ለክረምት የሚስማማው መስተንግዶ ከበጋው የተለየ መሆን አለበት። ፍል ውኃ በብርድ ቀን ከሚያስገኘው ደስታ የበለጠ በየትኛውም ወቅት አይገኝም፤ ስለዚህ ወሊሶና አምቦ በክረምት ቀዳሚ፣ ተራራው ተከታይ ሊሆኑ ይችላሉ። እንግዳው ሁለት ሌሊት በከተማ አድሮ፣ ሰማዩ ሲከፈት በአንዱ ማለዳ ወደ ወንጪ ቢወጣ ምንም አይቀርበትም። እሳት የሚነድበት ቤት፣ ትኩስ ሾርባ፣ የተጠበሰ በቆሎ፣ የቡና ሥነ ሥርዓትና ለልጆች የሚሆን ጨዋታ የተዘጋጀበት ማደሪያ ጭጋጉን ራሱን ሊሸጠው ይችላል። ቦቲ ጫማ፣ ጃንጥላ፣ የዝናብ ልብስና የእጅ ባትሪ በአየር ጤና ባሉ ሱቆች ፊት ለፊት ተሰቅለው ቢታዩ መንገደኛው ሳይገዛ አያልፍም። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለውን የፍልሰታ ጾምም መዘንጋት አይገባም።

ሦስት አቈጣጠሮች

ከላይ እንደ ታየው በዚህ መስመር የሚነግድ ሰው አንድ የቀን መቍጠሪያ ብቻ አይበቃውም። የመጀመሪያው በዓልንና ጾምን የሚያሳየው የአገሩ አቈጣጠር ነው። ሁለተኛው በውጭ አገር ያለውን የዕረፍትና የትምህርት ጊዜ የሚያሳየው የአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ሦስተኛው የጨረቃ አቈጣጠር ነው። በኮልፌ ብዛት ያለው የሙስሊም ኅብረተሰብ እንደሚኖር የታወቀ ነው፤ ዒድ አልፈጥርና ዐረፋ ደግሞ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ እየመጡ በሠላሳ ሦስት ዓመት ገደማ አራቱንም ክፍላተ ዘመን ይዞራሉ። በዓሉ በክረምት በዋለ ጊዜ ሙት የተባለው ወቅት ሕያው ይሆናል። ቤተሰቡን ይዞ ለሚወጣው ለዚህ እንግዳ እንደ ሃይማኖቱ ሥርዓት የታረደ ሥጋና የሚሰግድበት ንጹሕ ስፍራ ካልተዘጋጀለት፣ ስንቁን ከቤቱ ይዞ ወጥቶ ገንዘቡን ይዞ ይመለሳል።

ይህ ጉዳይ ከችርቻሮ ነጋዴው ይልቅ አስመጪውን ይመለከታል። የዝናብ ልብስ በሐምሌ እንዲሸጥ በሐምሌ ማዘዝ አይቻልም። የውጭ ምንዛሪ ተጠይቆ፣ ዕቃው ተጭኖ፣ በጅቡቲ ወደብ ገብቶ፣ ቀረጥ ተከፍሎበት መጋዘን እስኪደርስ ወራት ያልፋሉ። በመሆኑም የክረምቱ ትእዛዝ በጥር፣ የብርዱ ወራት ትእዛዝ በሚያዝያ መሰጠት ይኖርበታል። ዘግይቶ የደረሰ ዕቃ በርካሽ ይሸጣል ወይም ዓመት ይጠብቃል፤ በሁለቱም በኩል የሚያተርፈው ያበደረው ባንክ ብቻ ነው።

ወደ ተራራው የሚወጣውና ከተራራው የሚወርደው

እስካሁን የተነገረው ከከተማ ወደ ተራራ ስለሚወጣው ዕቃ ነበር። ይሁን እንጂ ንግድ በአንድ ወገን ብቻ ሲሄድ ዕድሜ አይኖረውም። እንግዳው የሚበላው ዳቦ፣ የሚጠጣው ውኃ፣ የሚያቃጥለው ሻማ ሁሉ ከአዲስ አበባ ተጭኖ ከወጣ፣ ለተራራው ነዋሪ የሚቀርለት ቆሻሻውና የመኪናው አቧራ ብቻ ይሆናል። ከጉብኝት ምንም ያላገኘ ገበሬ ደኑን ለመጠበቅ፣ ለእንግዳውም መንገድ ለማሳየት ምን ምክንያት ይኖረዋል? ጎብኚ የሚመጣው ለመልክዐ ምድሩ ነው፤ መልክዐ ምድሩን ጠብቆ የሚያቆየው ደግሞ ነዋሪው ነው።

ስለዚህ ብልህ ነጋዴ መኪናውን ሞልቶ እንደ ወጣ ሞልቶ ይመለሳል። ድንቹንና ገብሱን ለከተማ ገበያ ሊያወርደው ይችላል። በተራራው ላይ ያለ ምግብ ቤትም ቆጮን ከአይብና ከጎመን ጋር አሳምሮ ቢያቀርብ፣ እንግዳው ከከተማው ምግብ ይልቅ ይህን ይመርጣል። ማሩን በተመለከተ በጣልያን አገር የተመሠረተው ስሎው ፉድ የተባለው ድርጅት የወንጪን ማር ልዩ ጥበቃና ድጋፍ ከሚገባቸው የአገር ምርቶች ጋር መዝግቦታል። ይህ ለላኪዎች ከፍ ያለ ትርጕም አለው። የውጭ አገር ሰው ማሩን ከቀፎው አጠገብ ቀምሶ ገዝቶ ሲሄድ ዕቃው ሳይጫን የውጭ ምንዛሪ ገባ ማለት ነው፤ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላም ያንኑ ስም በሱቅ ውስጥ ይፈልጋል። ይሁንና ንጹሕ ዕቃ፣ ትክክለኛ ሚዛንና የታወቀ ምልክት ያስፈልጋል። በስኳር የተደባለቀ አንድ ጣሳ ማር የመንደሩን ሁሉ ስም ያጠፋል።

የዋጋና የታማኝነት ነገር

በበዓል ሰሞን ዋጋን እጥፍ ማድረግ፣ በክረምት ደግሞ ማልቀስ የብዙ ቤቶች ልማድ ነው። ሁለቱ ነገሮች የተያያዙ መሆናቸው ግን አይታሰብም። በጥር የተበዘበዘ ቤተሰብ በነሐሴ አይመለስም፤ ጎረቤቱንም እንዳይሄድ ይመክራል። ዋጋው በግልጽ ተጽፎ የተለጠፈበት፣ የፈረስና የጀልባ ኪራይ በማኅበሩ ተራ የሚከፈልበት፣ እንግዳም ሳይጨቃጨቅ የሚስተናገድበት ስፍራ ግን በየወቅቱ ተመላሽ ደንበኛ ያገኛል። በጥር ሙሉ ዋጋ የከፈለ እንግዳ በክረምት በቅናሽ እንዲያድር የሚፈቅድ ወረቀት ቢሰጠው፣ ባድሩት ለእንግሊዛውያኑ የገባው ዓይነት ቃል ተገባለት ማለት ነው፤ ወጪው ደግሞ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው።

በነጋዴው እጅ ያልሆነ ነገር መኖሩም መካድ የለበትም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ጉዞን አቋርጦ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ በምዕራብ ሸዋና በአካባቢው የታየው የጸጥታ ችግር ብዙ መንገደኞችን አስግቷል። እንግዳን የሚያጓጕዝ ድርጅት ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከሚመለከተው አካል ጠይቆ ማረጋገጥና እውነቱን ለደንበኛው መናገር ግዴታው ነው። መንገዱ ለረጅም ጉዞ በማያመችበት ቀን በሰበታ አቅጣጫ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን፣ በወጨጫ ተራራ ጥግ፣ ለግማሽ ቀን ሽርሽር ይበቃል። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደ ተተከለ የሚነገርለት ይህ የጽድ ደን ከኮልፌ እጅግ ሩቅ አይደለም። ደንበኛን ወደ ቅርቡ ስፍራ መምራት ጉዞውን ፈጽሞ ከመሰረዝ ይሻላል።

የንግድ ማኅበረሰቡ አባላት በዚህ ጉዳይ ሊያደርጉት የሚችሉት የመጀመሪያ ሥራ ቀላል ነው፤ ያለፈውን ዓመት የሽያጭ መዝገብ አውጥተው በሁለት ሳይሆን በአራት ክፍል ማየት ነው። በእያንዳንዱ ክፍል ማን ገዛ፣ ምን ገዛ፣ ምን ጠይቆ ሳያገኝ ሄደ የሚለው ጥያቄ ሲመለስ፣ በተለይ የመጨረሻው መልስ የሚቀጥለው ዓመት ትእዛዝ ይሆናል። ከአየር ጤና ባለ ሱቅ፣ ከወሊሶ ባለ ማደሪያና ከወንጪ የፈረስ ማኅበር ጋር ተነጋግሮ ክረምት ከመግባቱ በፊት አንድ የጋራ የክረምት ጉዞ ማሰናዳትም ከባድ ወጪ አይጠይቅም። ዝናቡ መምጣቱ የታወቀ ነው፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ቤተሰብም እንዲሁ። ሐምሌ ሲገባ በሩ ክፍት፣ እሳቱም የነደደ ሆኖ የተገኘ ነጋዴ እስከ መስከረም የሚጠብቅበት ምክንያት አይኖረውም፤ ባለ ፈረሱም የልጆቹን ደብተር ሳይበደር ይገዛል።